ብራኬት ወደቀ? ከቆሎው በፊት ላይት ኪውሩን ይጠይቁ

ብራኬት (ጥርስ ለማስተካከል ጥርሱ ላይ የሚለጠፍ፣ ሽቦውን የሚይዝ ትንሽ መያዣ) የወደቀበት ታካሚ በር ላይ ብቅ ሲል ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ምን በልተህ ነው?» ነው። ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ የጥብስ አጥንት እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ከቸርችል ጎዳና ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ በምንሠራበት ክሊኒክ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። የሚወድቀው ያው የታችኛው ቀኝ ሁለተኛ ፕሪሞላር (ከትልልቆቹ መንጋጋዎች ፊት ያለው ጥርስ) ብራኬት ነው። በሦስተኛው ጊዜ ብራኬቱን በሶፍት ጠቅልላ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና «ዶክተር፣ እውነቴን ነው፣ ቆሎ ከነካሁ ሁለት ወር አልፎኛል» አለችኝ።

ብራኬቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ማጣበቂያው የሚይዝበት የጀርባው ወንፊት ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። ማጣበቂያው ጥርሷ ላይ ቀርቷል፤ የወንፊቱ ቅርጽም እንደ ማኅተም ታትሞበታል። በኤክስፕሎረር፣ በሹሉ የጥርስ መመርመሪያ፣ ስነካው ጠርዙ ድንጋይ ነው፣ መሃሉ ግን ይጫራል። ከዚያ ላይት ኪውራችንን፣ ማለትም ማጣበቂያውን በሰማያዊ ብርሃን የሚያጠነክረውን መሣሪያ፣ አነሳሁና ጫፉን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተመለከትኩት። ጫፉ ላይ የጠነከረ ኮምፖዚት (በብርሃን የሚጠነክር የጥርስ ሙጫ) ተለጥፎ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን መስታወት ሸፍኖታል። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ነው እዚህ የምጽፈው። ብራኬት ለሚለጥፉ ሐኪሞች፣ ከጎናቸው ለሚቆሙ ረዳቶችና ሙያውን ለሚለማመዱ ይሆናል። የሚጠቀሙበት ማጣበቂያና መሣሪያ የራሱ መመሪያ አለው፤ እኔ ከጻፍኩት ጋር ከተለያየ የአምራቹን ይከተሉ።

ከብራኬቱ ሥር የሚሆነው

አብዛኞቹ ማጣበቂያዎች ውስጥ ካምፎርኩዊኖን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር አለ። ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኘው ይነቃና ሙጫው እርስ በርሱ እንዲተሳሰር ያደርጋል። በብዛት የሚቀበለው 468 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፤ ዛሬ የምንይዛቸው ኤልኢዲ መሣሪያዎችም ጉልበታቸውን የሚያፈሱት እዚያው አካባቢ ነው። ብርሃን ያልደረሰው ሙጫ ሳይተሳሰር ይቀራል። ችግሩ ከላይ አይታይም፤ ብራኬቱም ታካሚው ወንበር ላይ እያለ አይወድቅም። የሚወድቀው ቤት ከተገባ በኋላ፣ ሽቦው መሳብ ሲጀምር ነው።

የብረት ብራኬት ብርሃን አያሳልፍም። ብርሃኑ ከሥሩ የሚገባው በጠርዙ ባለችው ቀጭን መስመር በኩልና ጥርሱ ራሱ ተቀብሎ ከውስጥ ሲያንጸባርቀው ብቻ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ቆሞ ብራኬቱ ላይ ማብራት ብረቱን ከማሞቅ ያለፈ ብዙ ጥቅም የለውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መሣሪያው በካሬ ሴንቲሜትር 1000 ሚሊዋት የሚሰጥ ከሆነ በ20 ሰከንድ 20 ጁል ያደርሳል። ጫፉ ቆሽሾ ወደ 400 ከወረደ በዚያው 20 ሰከንድ የሚደርሰው 8 ጁል ብቻ ነው። መሣሪያው ግን በሁለቱም ጊዜ እኩል ይጮኻል፣ እኩል ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ዓይን ይህን ልዩነት አይለይም። እኛንም ያታለለን ይኸው ነው።

ታካሚው ከመግባቱ በፊት

ማጣበቂያውን ከፍሪጅ ቀደም ብለው ያውጡ። በክረምት ጠዋት ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ እኔ አንድ ሰዓት ያህል እሰጠዋለሁ። ከፍሪጅ እንደወጣ ከተከፈተ እርጥበት ይሰበስባል፤ ደግሞም ገትሮ ስለሚይዝ ወንፊቱ ውስጥ አይገባም። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ቀኑን ያንብቡ።

ቀጥሎ ላይት ኪውሩ። ጫፉን ብርሃን ላይ ይዩት፤ የተለጠፈ ነገር፣ ስንጥቅ ወይም ጭጋግ አለበት? የጠነከረ ኮምፖዚት ካለ በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ ብለው ያንሱት፤ ብረት መስታወቱን ይጭረዋል። በየታካሚው የምንቀይረውን የፕላስቲክ ሽፋን ሲያለብሱ መገጣጠሚያው ወይም እጥፋቱ ጫፉ ላይ እንዳይውል ወደ ጎን ያዙሩት። መሣሪያውን የሚለኩትም ሽፋኑን አልብሰው ይሁን፤ ታካሚው አፍ ውስጥ የሚገባው እንደዚያ ሆኖ ነውና።

ሬዲዮሜትር (የብርሃን መለኪያ) ካለዎት በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው መለኪያ፣ ጫፉን በዚያው ቦታ አድርገው ይለኩና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ። ርካሽ የሆኑት መለኪያዎች ፍጹም ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጡም። ካለፈው ሳምንት ወርዶ እንደሆነ ግን ይናገራሉ፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሬዲዮሜትር ከሌለ የጭማቂ ስትሮ ይበቃል። ከስትሮው 6 ሚሊሜትር ያህል ቁረጡና ግልጽ ፕላስቲክ ላይ አቁሙት፣ በኮምፖዚት ሙሉት፣ ከላይ ብቻ 20 ሰከንድ አብሩበት። ከዚያ አውጥታችሁ ከሥር ያለውን ለስላሳውን ክፍል በፕላስቲክ ጥረጉና የቀረውን ደረቅ ክፍል በማስመሪያ ለኩ። አይኤስኦ 4049 የተባለው መስፈርት ከተለካው ርዝመት ግማሹን ነው የጥንካሬው ጥልቀት አድርጎ የሚቆጥረው። በየወሩ በዚያው ኮምፖዚት፣ በዚያው ቀለም ሞክሩት፤ ርዝመቱ እያጠረ ከመጣ መሣሪያው እየደከመ ነው።

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ስለምንሠራ በባትሪ የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ ማታ ቻርጅ ላይ ሳይሰካ ማንም አይወጣም። ባትሪው ሲደክም አንዳንዱ መሣሪያ በግልጽ ያስጠነቅቃል፣ አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። የእናንተ የቱ እንደሆነ ባትሪውን እስኪጨርስ እየለካችሁ አንድ ቀን ፈትኑት። ኮምፕሬሰሩንም አትርሱ። የአየር መርጫውን ንጹሕ መስታወት ላይ ንፉት፤ የዘይት ወይም የውሃ ጠብታ ካሳየ ታንኩ ካልጸዳ በቀር በዚያ አየር ጥርስ አይደርቅም።

አንድ ሌላ ነገር የከሰዓት ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትርን አልፋ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ምዕራብ በሚያይ መስኮት የሚገባው ብርሃን ኃይለኛ ነው። ማጣበቂያውን ከቱቦው አውጥታችሁ ክፍት ከተዋችሁት ብራኬቱን ሳታስቀምጡ ላዩ ይይዛል። መጋረጃውን ዝጉ፣ የወንበሩንም መብራት ከአፉ ላይ ገለል አድርጉ፣ ያወጣችሁትን ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን ሸፍኑ።

ጥርሱን ማዘጋጀት

ለታካሚው፣ ለረዳቱና ለራስዎ ብርቱካናማ መነጽር ያድርጉ። ሰማያዊው ብርሃን ለዓይን ጀርባ አደገኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ረዳት ደግሞ ከሁላችን በላይ ይጋለጣል። የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም ለብርሃን ስሜታዊ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥርሱን ፍሎራይድና ዘይት በሌለው ፑሚስ (የጥርስ ማጽጃ ዱቄት) አሽተው ይጠቡ። ጉንጭ መሳቢያውን ያስገቡ፣ ጥጥና ሳክሽን (ምራቅ መሳቢያ) በቦታቸው ይሁኑ። ከዚህ በኋላ ምራቅ ጥርሱን ከነካ ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ በጥጥ ጠረግ አድርጎ መቀጠል የለም።

37 በመቶ የሆነውን ፎስፎሪክ አሲድ ብራኬቱ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብቻ ለ30 ሰከንድ ያኑሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥርስ ቢያንስ 15 ሰከንድ በውሃ ያጥቡና ያድርቁ። ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) አዲስ ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ነጭና ደብዛዛ መሆን አለበት። አሁንም የሚያብለጨልጭ ከሆነ አሲዱ አልሠራም።

የኛ አገር ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከባቱና ከሌሎችም የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የሚመጡ ታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጡ ያደጉ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ከዚህ በእጅጉ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድ የጠገበ ኢናሜል አሲድን ይቋቋማል። ለእነዚህ የአሲዱን ጊዜ እስከ 60 ሰከንድ አረዝመዋለሁ፤ ላዩ ቡናማና የተቦረቦረ ከሆነም ቀድሜ በስሱ እፍቀዋለሁ። የኖራውን መልክ ካላየሁ ብራኬት አላነሳም። ታካሚውም ብራኬቱ ከሌላው ሰው ይልቅ ሊወድቅበት እንደሚችል ከመጀመሪያው ቢያውቅ ይሻላል፤ በኋላ ቢሰማው የጥፋተኝነት ስሜት ያድርበታል።

ፕራይመሩን፣ ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባውን ፈሳሽ፣ ስስ አድርገው ይቀቡና በአየር ያሰራጩት። ተኝቶ የቀረ ፕራይመር ብራኬቱን ያንሸራትታል።

ብራኬቱን ማስቀመጥ

ማጣበቂያውን ብራኬቱ ጀርባ ላይ ጣል አድርጎ መተው ሳይሆን ወንፊቱ ውስጥ ጫን አድርጎ ማስገባት ያስፈልጋል። ብራኬቱን በቦታው ያኑሩት፣ ቁመቱንና አቅጣጫውን ያስተካክሉ፣ ከዚያ መሃሉን በስኬለር (የጥርስ መፋቂያ) ጫፍ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት። ትርፉ በአራቱም ጎን ይወጣል። ይህን ትርፍ አሁኑኑ፣ ለስላሳ እያለ ያንሱት። አንደኛ ነገር፣ ድድ አጠገብ የቀረ ኮምፖዚት ቆሻሻ ይይዝና በብራኬቱ ዙሪያ ነጭ ጠባሳ ይፈጥራል። ሁለተኛ፣ በጠርዙ የተከመረው ትርፍ ብርሃኑ ወደ ውስጥ የሚገባባትን ያቺን ቀጭን መስመር ይዘጋል።

ከተጫነ በኋላ አይነካም። ትንሽ ዞሯል ብሎ ማብራት ከተጀመረ በኋላ ማስተካከል መያያዝ የጀመረውን ሙጫ ይሰብረዋል። ካልወደዱት አንስተው ከአዲስ ይጀምሩ።

ማብራት

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ሐኪሙ ጥርስ አዘጋጅቶ ብራኬቱን በጥንቃቄ ካስቀመጠ በኋላ ላይት ኪውሩን ለረዳቱ ይሰጥና ወደ ቀጣዩ ጥርስ ያስባል። ረዳቱ ደግሞ መብራቱ ዓይኑን እንዳይወጋው ፊቱን ያዞራል። ፊት ሲዞር እጅም አብሮ ይዞራል፤ ጫፉ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ወደ ድዱ ይወርዳል፣ ቀሪው ሰከንድ ድድ ሲያሞቅ ያልቃል። ረዳት ላይ መፍረድ አይገባም፤ መነጽር ሳንሰጠው ዓይኑን እንዲጠብቅ ያደረግነው እኛው ነን። ብርቱካናማ መነጽር ያደረገ ሰው ጫፉን እያየ ሊያበራ ይችላል፤ ማየትም አለበት።

አያያዙ እንዲህ ነው። የላይት ኪውሩን አንገት እንደ እስክሪብቶ ይዘው ከጣቶችዎ አንዷን አጎራባች ጥርስ ላይ ያሳርፉ። ጫፉን ወደ ብራኬቱ ሜዚያል ጎን፣ ማለትም ወደ ፊት መሃሉ ባለው ጎን፣ ብራኬትና ጥርስ የሚገናኙበት መስመር ላይ ያነጣጥሩ። 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል። ብራኬቱን ሳይገፋ በጣም ይቅረብ፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ይበቃል። ጫፉ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ይበተናል፤ በአንዳንድ መሣሪያ ጥቂት ሚሊሜትር መራቅ ብርታቱን እስከ ግማሽ ይቀንሰዋል። 10 ሰከንድ ያብሩ። ከዚያ ወደ ዲስታል፣ ማለትም ወደ ኋላ ባለው፣ ጎን ዞረው ሌላ 10 ሰከንድ። ይህ በ1000 ሚሊዋት አካባቢ ላለ መሣሪያ ነው። የሴራሚክ ብራኬት ብርሃን ስለሚያሳልፍ በፊት ለፊቱ በኩል ማብራት ይቻላል።

በ3 ሰከንድ ይጨርሳል ተብሎ የሚሸጥ በጣም ኃይለኛ መሣሪያ አለ። በ3000 ሚሊዋት 3 ሰከንድ ሲባዛ 9 ጁል ነው፤ ከላይ ካልነው 20 ጁል ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከዚያም በላይ ሙጫ ሁሉ በዚያ ፍጥነት እኩል አይተሳሰርም፣ 3 ሰከንድ ውስጥ እጅ አንዴ ከሳተ ደግሞ የሚካስበት ጊዜ የለም። እኔ ጊዜ ማሳጠሩን አልወደውም። ማጣበቂያው አምራች ለዚያ መሣሪያ በግልጽ ካልፈቀደ አይሞክሩት።

ሙቀቱንም ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1965 በጦጣዎች ላይ የተደረገ ጥናት የጥርሱ ውስጥ ሙቀት 5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ከጥርሶቹ 15 በመቶ ያህሉ ነርቭ እንደሞተ አሳይቷል። ለ20 ሰከንድ ሲበራ ያን ያህል አይደርስም ብዬ ብሠራም፣ በተለይ ቀጫጭን የታችኛው ፊት ጥርሶች ላይ በሁለቱ ጎኖች መካከል በስሱ አየር እነፋለሁ። ታካሚው «ሞቀኝ» ካለ ይቁም።

አሁን ወደዚያች ተማሪ ጥርስ። ሁለተኛው ፕሪሞላር ላይ ጉንጩ ይወጠራል፣ የላይት ኪውሩ አንገት ከከንፈር ጋር ይጋጫል፣ ጫፉም ዲስታሉን ጎን ሳያገኝ ከፊት ብቻ ያበራል። እዚህ ታካሚውን «አፍሽን በሰፊው ክፈቺ» ማለት ይጎዳል። በሰፊው ሲከፈት ጉንጭ ይገተራል። «ትንሽ ዘጋ አድርጊልኝ» ይበሉ፤ ጉንጩ ይላላል፣ በመስታወት ገፋ አድርገው ጫፉን ከኋላ በኩል ያስገቡ። ዲስታሉን መስመር በዓይንዎ ካላዩት ጫፉም አያየውም። በዚህ ጥርስ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጊዜ 10 ሰከንድ፣ በመሃል አየር እየነፋሁ አበራለሁ።

ሽቦውና ወደ ቤት የሚሄደው ምክር

ሁሉም ከተጠናቀቀ በኋላ የመጀመሪያውን ቀጭን ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ 0.014 ኢንች የሆነ ኒኬል ቲታኒየም፣ በዚያው ቀን ማሰር ይቻላል። ማጣበቂያው መሣሪያው ከጠፋ በኋላም እስከ 24 ሰዓት ድረስ መጠንከሩን ስለሚቀጥል የመጀመሪያው ቀን ምግብ ለስላሳ ይሁን፤ ሽሮ፣ አጃ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት። ቆሎ፣ የበቆሎ እሸት በጥርስ መጋጥና ማስቲካ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ይቅሩ። ይህን የምንናገረው አዎን፣ እውነት ስለሚጎዳ ነው፤ ማሳበቢያ እንዲሆነን ግን አይደለም።

ከወደቀ ብራኬቱን ማንበብ

የወደቀውን ብራኬት ከማጠብዎ በፊት ጀርባውን በማጉያ ይዩት። ማጣበቂያው ሁሉ ብራኬቱ ላይ ቀርቶ ጥርሱ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ ኢናሜሉ ዘንድ ነው፦ ምራቅ፣ ዘይት ያለው አየር፣ በቂ ያልሆነ አሲድ ወይም ፍሎራይድ የጠገበ ጥርስ። እንደ ተማሪዋ ማጣበቂያው ጥርሱ ላይ ቀርቶ ወንፊቱ ባዶ ከሆነ ወደ ብራኬቱ ጎን ይመልከቱ፦ ብርሃን አልደረሰም፣ ወይም በሚጠነክርበት ጊዜ ብራኬቱ ተነቅንቋል፣ ወይም ማጣበቂያው ወንፊቱ ውስጥ አልተጫነም። ግማሽ በግማሽ ተከፋፍሎ የቀረውና ክንፉ የተጣመመው ብራኬት ግን ጠንካራ ነገር የነከሰ ሰው ምልክት ነው። ቆሎው የሚጠየቀው ያኔ ነው።

ጥርሱ ላይ የቀረውን ማጣበቂያ በዝግታ በሚዞር ሃንድፒስ ላይ በተገጠመ የካርባይድ መፋቂያ፣ ኢናሜሉን ሳይነኩ ያንሱ። ከዚያ ከፑሚሱ ጀምሮ ሁሉም ይደገም። የወደቀውን ብራኬት አጽድቶ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን አዲስ እጠቀማለሁ፣ ወንፊቱ ውስጥ የቀረ አሮጌ ሙጫ ሁለተኛ ጥፋት ስለሚጋብዝ።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የጥርሱን ቁጥር፣ ማጣበቂያው የት እንደቀረ፣ ማን እንዳበራና የሳምንቱን ልኬት ይጻፉ። እኛ ዘንድ ሁለት ወር ሳይሞላ ከወደቁት አብዛኞቹ ሁለተኛ ፕሪሞላሮች ሆነው ተገኙ፤ ያኔ ነው ማጠፊያ አንገቱ አጠር ያለ ላይት ኪውር የገዛነው። ብራኬቱ እንደገና ከተለጠፈ በኋላ ወፍራም ሽቦ ላይ ደርሰው ከነበረ ወደ ቀጭኑ ይመለሱ፤ ለአዲሱ ማጣበቂያ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ቀለል ያለ ጉልበት ይስጡት።